የድሮን ገበያን የሚወስነው ፓተንቱ ነው ወይስ ፋብሪካው?

የክርክሩ ጭብጥ፦ ለተራ ሸማች በሚሸጡ ድሮኖች ገበያ የኩባንያዎችን ዕጣ የሚወስነው የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ማለትም ፓተንት ነው ወይስ ዕቃው የሚመረትበት ቦታ? የመጀመሪያው ተከራካሪ ለፓተንቱ፣ ሁለተኛው ለፋብሪካው ይሟገታሉ።

የመጀመሪያው ተከራካሪ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ዌኮ ከተማ የተሰየሙ የሕዝብ ዳኞች፣ የቻይናው ድሮን አምራች ዲጄአይ የአሜሪካውን የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር አምራች የቴክስትሮንን ሁለት የበረራ ቁጥጥር ፓተንቶች ጥሷል በማለት 279 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ እንዲከፍል ወሰኑ። የካሳው መጠን የተጋነነ የሚመስለው ድሮን አብርሮ ለማያውቅ ሰው ነው። ያበረረ ሰው ግን ጣቶቹን ከመቆጣጠሪያው ላይ ሲያነሳ፣ ነፋስ እየገፋውም ቢሆን ድሮኑ በነበረበት ከፍታ ቀጥ ብሎ ሲቆም አይቷል። ምንም ሥልጠና የሌለው ሸማች ድሮን ለመግዛት የደፈረው በዚህ ጠባዩ ነው፤ ጠባዩ ደግሞ የበረራ ቁጥጥርን ችግር ለዓመታት ያብሰለሰሉ መሐንዲሶች የድካም ፍሬ እንጂ የብረትና የፕላስቲክ ስጦታ አይደለም።

ከዚህ ያነሰ የሚመስል ሌላ ፈጠራም ልጥቀስ። አራት ሞተር ካለው ድሮን ፕሮፔለሮች ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱ ወደ ግራ ይሽከረከራሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ቢዞሩ የድሮኑ አካል ራሱ በአየር ላይ ይሾራል። የአንዱን ፕሮፔለር በሌላው ሞተር ላይ የገጠመ ሰው ድሮኑ ገና ከመሬት ሳይርቅ ይገለበጥበታል። ድሮን አምራቹ ኦቴል ሮቦቲክስ የያዘው አንድ ፓተንት ይህን ስሕተት ከሥሩ የሚነቅል ነው፤ በፓተንቱ የተገለጸው መቆለፊያ የራሱን አቅጣጫ ፕሮፔለር እንጂ የሌላውን አይቀበልም። አንዴ ያየው ሁሉ በቀላሉ ሊቀዳው ይችላል፤ ከማየቱ በፊት ግን ያሰበው አልነበረም። እንዲህ ያለው ሐሳብ ከሕግ በቀር አጥር የለውም፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንደሚባለውም፣ ዛሬ አጥሩ በየአቅጣጫው የሚነቀነቀው ፈጣሪው ስለተናቀ ነው። ፓተንት ካልተከበረ ትርፉ ሁሉ ብዙ ፋብሪካ ወዳለው ይፈሳል፣ ላሰበው ሰው ግን ምንም አይደርሰውም።

ሁለተኛው ተከራካሪ

ባልደረባዬ የጠቀሱት መቆለፊያ መጨረሻው ምን ሆነ? ዲጄአይ በ2016 ኦቴልን በፓተንት ጥሰት በአሜሪካ ደላዌር ግዛት ከሰሰ። ኦቴል በበኩሉ በ2018 ጉዳዩን ወደ አሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ወስዶ፣ የ1930ውን የታሪፍ ሕግ አንቀጽ 337 ጠቅሶ የዲጄአይ ድሮኖች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ጠየቀ። በግንቦት 2020 የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ የችሎትና ይግባኝ ቦርድ የተጠቀሱት የፓተንቱ አንቀጾች ጥበቃ አይገባቸውም አለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ኮሚሽኑ መብቱ ተጥሷል ቢልም፣ የቦርዱ ውሳኔ እልባት እስኪያገኝ የራሱን እገዳ ሥራ ላይ ከማዋል ተቆጠበ። ይህ ሁሉ ሲሆን ገበያው አልጠበቃቸውም፤ የ2016ቱን የዲጄአይ ድሮን ማቪክ ፕሮ በ2018 ማቪክ 2 ተካው፣ ከዚያም በ2020 ማቪክ ኤር 2 መጣ። ሸማቹ በሁለት ዓመት ዕቃ በሚቀይርበት ገበያ የሁለት ዓመት ሙግት ያስገኘው ውጤት ተፈጻሚነቱ የታገደ ትእዛዝ ሆነ።

በዚህ ሙግት ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ኦቴል በዋሽንግተን ግዛት ቦተል ከተማ ቅርንጫፍ ቢኖረውም እናት ኩባንያው እንደ ዲጄአይ ሁሉ የቻይናዋ ከተማ የሼንዠን ነው። የአሜሪካን ኢንዱስትሪ እንዲጠብቅ በወጣ ሕግ፣ በአሜሪካ ችሎት ፊት የተሟገቱት ሁለት የአንድ ከተማ ጎረቤታሞች ነበሩ። የአሜሪካ ተወዳዳሪዎችስ የት ሄዱ? በካሊፎርኒያ በርክሌይ የነበረው ድሮን አምራች ስሪዲ ሮቦቲክስ በ2015 ሶሎ የተባለውን ድሮን በ1,000 ዶላር ገደማ አወጣ፣ ካሜራውን የሚያረጋጋው ጊምባል ግን ዘገየበት፤ በ2016 ከሸማቾች ገበያ ወጣ። የካሜራ አምራቹ ጎፕሮ በ2016 ካርማ የተባለውን ድሮን ለገበያ ባቀረበ በሳምንታት ውስጥ አንዳንዶቹ በበረራ ላይ ኃይል እያጡ በመውደቃቸው 2,500 ያህሉን መልሶ ሰበሰበ፤ በ2018 የድሮን ሥራውን ተወው። አንዳቸውንም ያወጣቸው የተሰረቀ ፓተንት አልነበረም። ሼንዠን ውስጥ ሞተር ጠምጣሚው፣ የባትሪ አቅራቢው፣ የሴንሰር ነጋዴውና የሻጋታ ሠሪው በአንድ ከተማ ስለሚገኙ፣ ጠዋት የተገኘን ጉድለት መሐንዲሱ ራሱ ሄዶ ዓይቶ ያስተካክለዋል።

የመጀመሪያው ተከራካሪ

የጠቀሱት ማስረጃ የራስዎን ክርክር ያፈርሳል። ሶሎ ራሱ የተመረተው እዚያው ሼንዠን ውስጥ፣ በውል አምራች እጅ ነው! ቦታው ዕጣ ወሳኝ ከሆነ ሶሎ ለምን አልተረፈም? ሁለተኛ፣ ፓተንት ዋጋ ቢስ መሣሪያ ከሆነ በ2016 ኦቴልንም ሌላውን የቻይና ድሮን አምራች ዩኒክንም ፍርድ ቤት ያቆመው ዲጄአይ ራሱ ለምን ተጠቀመበት? ግዙፍ ፋብሪካ ያለው ኩባንያ ጠበቃ የሚቀጥረው ብልጫው በመገጣጠሚያ መስመሩ ብቻ እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ነው። ዲጄአይ በ2006 ሲቋቋም ያመርት የነበረው ለሞዴል ሄሊኮፕተሮች የሚሆን የበረራ መቆጣጠሪያ ነበር። ትልቁ ሀብቱ ገና ከጅምሩ ሐሳብና ስሌት ነበር ማለት ነው፤ የሸማቹን ገበያ የከፈተው ፋንተም የተባለው ድሮኑ የመጣው ከዚያ በኋላ በ2013 ነው።

ስለ ሙግቱ መዘግየት ያሉትን እቀበላለሁ። መድኃኒቱ ግን ፓተንትን ማቃለል ሳይሆን ችሎቱን ማፍጠን ነው። ለፈጣሪ የተሰጠው ጊዜ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ሆኖ ሳለ ከዚያ ውስጥ አምስትና ስድስቱ በክርክር የሚያልቅ ከሆነ፣ ጥፋቱ የመብቱ ሳይሆን የዳኝነት ሥርዓቱ ነው።

ሁለተኛው ተከራካሪ

ሶሎ ሼንዠን ውስጥ መመረቱን ማስታወስዎ ተገቢ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ የምረዳው ሌላ ነገር ነው። ፋብሪካ ማዘዝና ፋብሪካ መያዝ አንድ አይደሉም። ስሪዲ ሮቦቲክስ ንድፉን ካሊፎርኒያ እያሰበ፣ ምርቱን ባሕር ማዶ እያስመረተ፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ረጅም መንገድ ነበረው። ዲጄአይ ግን ሐሳቡም እጁም አንድ ቦታ ነበሩ። እርስዎ ከስሌት የመጣ ያሉት ብልጫ ስሌቱ በየሳምንቱ በሚፈተንበት ፋብሪካ አጠገብ ስለነበረ ነው ፍሬ ያፈራው።

ፋብሪካ በሌላው እጅ ሲሆን የሚመጣውን በቅርቡ አይተናል። የአሜሪካው ስካይዲዮ በ2023 የሸማቾችን ገበያ ትቶ ለመንግሥትና ለድርጅቶች ብቻ መሸጥ ጀመረ። ድሮኖቹን የሚገጣጥማቸው በካሊፎርኒያ ነበር፤ ነገር ግን በጥቅምት 2024 ቻይና ማዕቀብ ስትጥልበት የባትሪ አቅርቦቱ ተቋረጠ፣ ደንበኞቹም ለአንድ ድሮን አንድ ባትሪ ብቻ እንዲደርሳቸው ተደረገ። ከአሜሪካ መሐንዲሶች የወጣው ራስ ገዝ የበረራ ሶፍትዌር በፓተንት ቢጠበቅም፣ ፓተንቱ አንዲት ባትሪ ሊያመጣ አልቻለም።

የመጀመሪያው ተከራካሪ

ያ በመንግሥታት መካከል የተፈጠረ ግጭት ነው፤ ባትሪው የተከለከለው በማዕቀብ እንጂ በገበያ ውድድር አይደለም። አሜሪካም በታኅሣሥ 2020 ዲጄአይን ወደ ውጭ በሚላኩ ቴክኖሎጂዎች ላይ ገደብ ከሚጣልባቸው ድርጅቶች መዝገብ ውስጥ አስገብታለች። በታኅሣሥ 2024 የጸደቀው የመከላከያ በጀት ሕግ ደግሞ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የደኅንነት ምርመራ ተደርጎ ሥጋት የለበትም ካልተባለ፣ አዳዲስ ምርቶቹ የመገናኛ ፈቃድ እንዳያገኙ አዟል። እንዲህ ያለው እገዳ በሚበዛበት ጊዜ ፓተንት ከሁሉም የተሻለ መንገድ ነው እላለሁ፤ ዕቃውን ከመከልከል ይልቅ ሼንዠን ያመርት፣ ፈጣሪው ግን በእያንዳንዱ ድሮን የፈቃድ ክፍያ ያግኝ።

ሁለተኛው ተከራካሪ

ክፍያው ፍትሐዊ ነው፤ አልቃወመውም። ነገር ግን ክፍያ ተቀባይ ኩባንያ ሞተር መጠምጠም አይማርም። ከድሮኑ ሞተር ውስጥ ትንንሾቹን ማግኔቶች አውጥተው ቢመለከቱ ከኒዮዲሚየም የተሠሩ ሆነው ያገኟቸዋል፤ የዚህ ዓይነት ማግኔት አብዛኛው የሚመረተው በቻይና ነው። በኤፕሪል 2025 ቻይና እንዲህ ላሉት ማግኔቶች የሚገቡ አንዳንድ ብርቅዬ ማዕድናትንና ማግኔቶቹን ራሳቸውን ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ ስታደርግ፣ ጥያቄው የማን ፓተንት ነው የሚል አልነበረም። ማግኔቱን ሌላ ማን ሊሠራ ይችላል የሚል ነበር፣ ለዚህ መልስ የሚሰጠው ደግሞ ማቅለጫና መጠምጠሚያ ያለው ብቻ ነው።