አትንኩት፣ እየሠራ ነው

የእኛን መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ያላየ ሰው መረጋጋት ምን እንደሆነ አያውቅም። ጥግ ላይ አንድ ኮምፒውተር አለ። ሲገዛ ነጭ ነበር አሉ፤ አሁን ሻይ በወተት መስሏል። ሞኒተሩ ላይ ዳንቴል ጣል ተደርጎለታል። ግንባሩ ላይ በስኮች የተለጠፈው ወረቀት «አትንኩት፣ እየሠራ ነው» ይላል።

ውስጡ ያለው ዲቤዝ ስሪ ፕላስ የሚባል መዝገብ መያዣ ነው፤ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የዶስ ዘመን ፕሮግራም። ያወጣው አሽተን ቴት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው በፈረንጆቹ 1991 ለቦርላንድ ተሸጠና ስሙ ጠፋ። ባለቤቱ ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እኛ ግን ድንኳኑን አላፈረስንም።

የዛሬ ፕሮግራም ገና ሲከፈት «እንኳን ደህና መጡ»፣ «አድሱኝ»፣ «ኮከብ ስጡኝ» እያለ ይለማመጣል። ዲቤዝ ኩሩ ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጥብ አስቀምጦ ዝም ይላል። ከነጥቧ ቀጥሎ ምን እንደሚጻፍ የሚያውቁት መዝገቡን የሚይዙት ጋሼ ብቻ ናቸው። ጋሼም በነጥቧ ምክንያት ጡረታ ወጥተው ሁለቴ በኮንትራት ተመልሰዋል።

ስረዛ ላይ ያለውን ጨዋነት ደግሞ እዩልኝ። «ዲሊት» ሲባል ዕቃውን አያጠፋም፤ ኮከብ ያደርግበትና ይተወዋል። እውነት የሚያጠፋው «ፓክ» የሚል ሌላ ትእዛዝ ሲሰጠው ነው። ጋሼ በዕድሜያቸው ፓክ ብለው አያውቁም። እግሩ የተሰበረ ወንበር ሁሉ ኮከቡን ደርቦ መዝገብ ላይ በክብር አለ። (መሥሪያ ቤታችን ኃላፊ የሚያነሳውም እንደዚሁ ነው፤ «አማካሪ» ይለውና ያስቀምጠዋል።)

እኔ ፍቅሩ የገባኝ ወንበር ልወስድ የሄድኩ ቀን ነው። ሞዴል 22 የሚባለው የዕቃ ማውጫ ቅጽ ተሞላ፣ ፈረምኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። ቀኑን በሁለት ጣት ጻፉ፦ 30፣ 02። ማሽኑ ጢጥ አለ። ደገሙት። ጢጥ።

«ልጄ፣ ጥቅምት 30 የለም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ነው!»

«እኔማ አውቃለሁ። እሱ ነው የማያውቀው።»

ለእሱ ሁለተኛ ወር ማለት ፌብሯሪ ነው። ፌብሯሪ 30 ደግሞ ኖሮ አያውቅም። 29ንም በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ ጋሼ ኅዳር 1 ብለው መዘገቡኝ። ያን ሌሊት ወንበሩ የማንም አልነበረም። ጳጉሜንማ ጭራሽ አይነሳ፤ 13ኛ ወር ሲሉት የተሰደበ ይመስለዋል። እነዚያን አምስት ቀናት የገባ ዕቃ በሙሉ በዕንቁጣጣሽ እንደገባ ይቆጠራል። አልበደለንም ግን። በምትኩ መስከረም 31ን ያለ አንዳች ጥያቄ ይቀበላል።

አምና አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡ፣ ዊንዶውስ 11 ያለባቸው። ጋሼ ለቅሶ በሄዱበት ቀን የአይቲው ልጅ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ ገለበጠ። ፕሮግራሙን ሲከፍተው እምቢ አለ። የዲቤዝ ዘመን ፕሮግራም ባለ 16 ቢት ነው፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ አያስኬደውም፣ 11 ደግሞ ሌላ ዓይነት የለውም። ልጁ አልተበገረም። ዶስቦክስ ጫነ። ዶስቦክስ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ዶስን የሚያስመስል፣ የድሮ ጌም ለሚናፍቃቸው ሰዎች የተሠራ ፕሮግራም ነው። ነጥቧ ብቅ አለች! ጋሼ ከለቅሶ ሲመለሱ እንባቸው ዳግም መጣ።

የቀረው ማተም ብቻ ነበር። ዲቤዝ የሚያውቀው ፕሪንተር በሰፊው ገመድ የሚሰካውን ነው፤ አዲሱ በዩኤስቢ ነው። ዶስቦክስም እንዲሁ እንደወረደ አያትምም፤ ጌም ተጫዋች ምን ያትማል? ልጁ ለቢሮ ሥራ የታሰበ፣ የሚያትም፣ ቪዶስ የሚባል ሌላ አለ ብሎ ነበር። «ኮሚቴ ይየው» ተባለ። ኮሚቴው እስኪያየው ግን ሥራ አልቆመም። ጋሼ በዶስቦክስ ይመዘግባሉ። አሮጌውም እንዳይከፋው እሱም ላይ ይደግሙታል። ከዚያ ስክሪኑን በስልካቸው ያነሱና በቴሌግራም ለጸሐፊዋ ይልካሉ። እሷ ፎቶውን እያየች ኤክሴል ላይ ትተይባለች፣ ታትማለች። ጋሼ ይፈርማሉ፣ ማኅተም ይመታል። በዓመታዊ ሪፖርታችን ላይ «የዲጂታል ሽግግር» የሚለው ርዕስ ሥር የሰፈረው ይኼ ነው። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ልጁ ግን ወጣት ነው፣ ነገር አያሳድርም። አንድ ቀን ሁላችንም ባለንበት የዲቤዙን ፋይል ኤክሴል ላይ ጎተተና ለቀቀው። ተከፈተ። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ሸልፉ፣ ከነቀኑ ተደርድሮ መጣ። አምስት ሰከንድ አልፈጀም። ጸሐፊዋ አይጧን ለቀቀች። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። ኃላፊያችን ግን ነገሩ ቶሎ ገባቸው።

«እንዴ! ሁሉም እንዲህ በአንዴ ከታየማ እኛ ምን ልንሠራ ነው?»

በማግሥቱ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛ ወረቀት ተለጠፈ። «ፍላሽ መሰካት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል፣ ከነማኅተሙ። ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ማሽኑ የፍላሽ ቀዳዳ የለውም።