የሰማዩን ድምፅ የሰሙ ሰዎች አልዋሹም

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 1978፣ እሁድ ዕለት፣ በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ጠረፍ አጠገብ ባለችው ቤል አይላንድ አንድ ከባድ ፍንዳታ ተሰማ። ደሴቷ ትንሽ ናት። የብረት ማዕድኗ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ነዋሪው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። የዚያን ቀን ግን የሆነውን ማንም ሊረዳው አልቻለም። ቤቶች ተጎዱ። ቴሌቪዥኖች ፈነዱ። አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮዎች ሞተው ተገኙ፤ በረዶው ላይም ጉድጓዶች ታዩ። አንድ ልጅ የብርሃን ኳስ አየሁ አለ።

ያን ልጅ ማን ይመነው? እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ብዙ ሰው ወይ ይስቃል፣ ወይ በአንዴ ወደ ሚስጥራዊ መሣሪያ ይሄዳል። ቤል አይላንድ ላይም የሆነው ይኸው ነው። ብዙም ሳይቆይ ከአሜሪካው የሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ሁለት ተመራማሪዎች ወደ ደሴቷ መጡ። ላቦራቶሪው የኒውክሌር መሣሪያ የሚሠራ ስለሆነ ወሬው ተቀጣጠለ። «ካልሠሩት ለምን መጡ?» ተባለ።

የመጡበት ምክንያት ግን ቬላ የሚባሉት ሳተላይቶች ናቸው። እነዚህ ሳተላይቶች የኒውክሌር ሙከራ የሚያደርግ አገር ካለ ከላይ ሆነው እንዲጠብቁ የተላኩ ናቸው። ሥራቸው ከምድር የሚወጣ ኃይለኛ ብልጭታ መያዝ ስለሆነ፣ ትልልቅ መብረቆችንም ይይዙ ነበር። ከተራ መብረቅ መቶ እጥፍና ከዚያ በላይ የሚያበራ መብረቅ እንዳለ የታወቀው ከእነሱ መረጃ ነው። ለቤል አይላንዱ ፍንዳታ የተሰጠው ማብራሪያም ይኸው ነው፤ እጅግ ኃይለኛ መብረቅ ወድቆ፣ ኃይሉ በኤሌክትሪክ ሽቦ በኩል ቤት ለቤት ገባ። በኋላ የወጡ ጥናቶች እንዲህ ያሉት መብረቆች በአካባቢው የብርድ ወራት፣ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክና በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ እንደሚበዙ አሳይተዋል።

እኔን የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። የደሴቷ ሰዎች ያዩትና የሰሙት ሁሉ እውነት ነበር። የተሳሳተው ከዚያ በላይ የተጨመረው ግምት ነው። እኛ ግን ሁለቱን አንለይም። ግምቱ የማይመስል ሲሆን፣ ያየውንም ሰው አብረን «ዝም በል፣ ቃዥተህ ነው» እንለዋለን።

በዚያው የብርድ ወቅት የአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍም ሰላም አልነበረውም። ከዲሴምበር 1977 ጀምሮ ከኒው ጀርሲ እስከ ሳውዝ ካሮላይና ከባሕሩ በኩል ተደጋጋሚ ነጎድጓድ መሰል ድምፅ ይሰማ ነበር። መስኮት ይንቀጠቀጣል፤ ሰማዩ ላይ ግን አውሮፕላን የለም። ብርሃን አየን ያሉም ነበሩ። አንዱ ከድምፅ የሚፈጥነውን የመንገደኛ አውሮፕላን ኮንኮርድን ጠረጠረ፤ አውሮፕላኑ የኒው ዮርክ በረራውን የጀመረው በኖቬምበር 1977 ነበርና ጥርጣሬው መሠረት ነበረው። ሌላው ከባሕር ወለል የሚወጣ ጋዝ ነው አለ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ አጥንቶ፣ ከጠረፍ ወዲያ ከድምፅ ፍጥነት በላይ የሚበሩ አውሮፕላኖች እንደሆኑ በ1978 አሳወቀ። ሁሉም ሳይንቲስት ግን አልተስማማም። አውሮፕላን ሁሉንም ድምፅ አይገልጸውም ያሉ ነበሩ።

ማብራሪያው ራሱ አሳማኝ ነው። ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን ድምፁን ከኋላው እየጣለ ይሄዳል። ያ ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ፣ የከፍታው ነፋስና የአየሩ ሙቀት አጥፈው ወደ ምድር ይመልሱታል። ስለዚህ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ ሰው ሊሰማው ይችላል። ቀና ሲል አውሮፕላኑ ከሄደ ቆይቷል። ታዲያ የጦር አውሮፕላኖቹ የት፣ በስንት ሰዓት እንደበረሩ የሚያውቅ አካል እያለ ሕዝቡ ለምን በግምት ይሰቃያል? ወሬን የሚወልደው የሕዝብ አለማወቅ ብቻ አይደለም። የሚያውቀው ሰው ዝምታም ይወልደዋል።

እኛም አገር በጥር 2017 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የሚያበሩ ነገሮች ተደርድረው ሲያልፉ ታይተው ነበር። ቪዲዮው በየስልኩ ገባ፤ ግምቱም አብሮት። እዚህ ላይ የዓይን ምስክር ምን ያህል እንደሚጠቅም ልብ በሉ። ተወርዋሪ ኮከብ ቢያንስ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ምድር አየር ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። የሳተላይት ወይም የሮኬት ስብርባሪ ግን ዝግ ይላል፤ እየተቆራረጠ፣ አንዳንዴ ከደቂቃ በላይ ሰማዩን ያቋርጣል። «ስንት ሰከንድ ታየ?» የሚለውን የሚመልሰው እረኛው ነው፤ ገበሬው ነው፤ ስልኳን ያወጣችው ልጅ ናት።

ስለዚህ ያየ ሰው ሰዓቱን፣ አቅጣጫውንና ከብርሃኑ በኋላ ድምፅ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ይያዝ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ርቀቱ በዚያ ይገመታል። ብርሃን ካየ ደግሞ ከመስኮት ይራቅ። እ.ኤ.አ. በ2013 በሩሲያ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የጠፈር አለት ሲፈነዳ ከሺህ በላይ ሰው የተጎዳው አብዛኛው በተሰበረ መስታወት ነው፤ ድምፁ የደረሰው ከብርሃኑ በኋላ ነበር።

የሰማይ ጉዳይ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በዚያው ቀን የሚያውቁትን ይናገሩ። ገና ካላወቁ «እያጣራን ነው፣ ያያችሁትን ላኩልን» ይበሉ፤ የሚላክበትን ስልክ ቁጥርም አብረው ይስጡ።