መድኃኒቱ «የለም» የሚባለው ለምንድን ነው?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የጤና መድህን አባላት መድኃኒት ከግል ፋርማሲ እንዲገዙ የሚደረጉት በባለሙያ ቸልተኝነት ነው ይላል። እኔ ግን አልስማማም፤ ነገሩ የገንዘብ ዑደት ጉዳይ ነው። ማህበረሰብ አቀፉ መድህን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ አባሉ መዋጮውን አስቀድሞ እንዲከፍል፣ ተቋሙም አክሞ ወጪውን ከመድህኑ ፈንድ እንዲጠይቅ ነበር የታሰበው። ሆስፒታሉ መድኃኒት የሚገዛው ከተዘዋዋሪ ፈንድ፣ ማለትም የመድኃኒት ሽያጭ ገንዘብ ተመልሶ መድኃኒት ከሚገዛበት ቋት ነው፤ ያከመበት ሂሳብ ሳይመለስ በዘገየ ቁጥር ይህ ፈንድ ይመነምናል። የአባልነት ቁጥር የተሳሳተበት ወይም የሪፈር ወረቀት ያልተያያዘበት ሂሳብ ደግሞ ሲመረመር ይቆረጣል።

ከዚያ በማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማህተም ይመታል። ኢንሱሊን መግዛት ያቃተው የስኳር ሕመምተኛ መርፌውን ይዘላል፣ ደሙ አሲድ በዝቶበት በድንገተኛ ክፍል ይመለሳል፤ የቀናት አልጋ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና ምርመራ ወጪውን ያው የመድህኑ ፈንድ ይሸከማል። (ለአንድ ብልቃጥ የሰሰተው ፈንድ ማለት ነው!)

መዋጮ መጨመር ብቻውን ይህን አይፈታም። ለሆስፒታሉ የሩብ ዓመቱ ክፍያ ከፊሉ በቅድሚያ ቢለቀቅና ከሂሳብ ምርመራው በኋላ ቢወራረድ፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለሚጥል በሽታ የሚሆነው መድኃኒትም ከሌላው ተለይቶ ቢገዛ ይሻላል። የሂሳብ ጥያቄውን የሚያዘጋጅ ቋሚ ሠራተኛ የሌለው ሆስፒታል ግን ይህም አያድነውም።