ካሜራ ሦስትን ማን ይያዝ?

ለቴሌቪዥን ፕሮግራማችን እንግዳ በስልክ «ስድስት ሰዓት ላይ ስቱዲዮ ይምጡ» አልኳቸው። እሳቸው ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ሦስት ወራቸው ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ፣ ስድስት ሰዓት ሲባል የሚታየኝ ማታ ነው። ሰው ከሥራ ወጥቶ አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ ተጣብቆ የሚያማርርበት ሰዓት። ለእሳቸው ግን ስድስት ሰዓት እኩለ ቀን ነው። ሙሉ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ በጠራራ ፀሐይ ከተፍ አሉ።

ስቱዲዮው ውስጥ ከእንግዳ ተቀባይዋ በቀር ማንም የለም። ቡና ሰጠቻቸው። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለተኛ ቡና ሰጠቻቸው። ከዚያ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ስታይ የምታደርገውን አደረገች። የምዝገባ ቅጽ ዘረጋችላቸው።

እኛ ማታ ስንደርስ እንግዳችን እንግዳ አልነበሩም። የጣቢያው አባል ሆነዋል። የካሜራ ሥልጠና ቀን ተይዞላቸዋል። ለራሳቸው ፕሮግራም ስም ሁሉ አውጥተዋል።

ነገሩ ግራ ለገባው ላስረዳ። ጣቢያችን ፐብሊክ አክሰስ የሚሉት፣ ለነዋሪው ሁሉ ክፍት የሆነ ዓይነት ነው። የኬብል ቴሌቪዥን ኩባንያው ሽቦውን በከተማው መንገድ ሥር ይቀብራል። መንገዱ የሕዝብ ነው። ስለዚህ ከተማው «ለመንገዴ ክፈለኝ» ይለዋል፣ ከኬብል ገቢው እስከ 5 በመቶ። በዚያ ላይ ነዋሪው ራሱ የሚሠራበት ቻናል እንዲሰጥ ሊያስገድደው ይችላል። ይህን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የኬብል ሕግ ነው። ቀደም ሲል በ1972 የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ100 ትልልቅ የቴሌቪዥን ገበያዎች ግዴታ አድርጎት ነበር፤ በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ይህ ሥልጣንህ አይደለም» ብሎ ሻረው። ዋናው ነገር፣ ነዋሪ የሆነ ሁሉ ይናገርበታል። ኩባንያው ብልግና ካላየ በቀር በሚባለው ነገር ውስጥ እጁን አያስገባም።

አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ብቻ እያየን፣ እሱም የሚፈልገውን ብቻ እየነገረን ላደግን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሕጉ «ማንም» ይላል። አበሻ «ማንም» የሚለውን ቃል «እኔ» ብሎ ነው የሚያነበው።

እና አሥራ አንድ በጎ ፈቃደኞች ነን። ዘጠኙ አቅራቢዎች ናቸው።

አንድ ፕሮግራም ለመቅረጽ ሦስት ካሜራማን፣ አንድ ዳይሬክተር፣ ድምፅ የሚቆጣጠር፣ ሥዕል የሚቀያይር፣ ጽሑፍ የሚያወጣ፣ ወለሉ ላይ ቆሞ ጣቱን የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። አቅራቢ አንድ ይበቃል። የእኛ ሒሳብ ተገልብጧል። ካሜራ አንድንና ሁለትን በልመና እናስይዛለን። ካሜራ ሦስትን የሚይዘው እግዚአብሔር ነው። እግሩ ላይ እንደቆመ እንተወዋለን፤ እሱም ቀስ እያለ አንገቱን ይደፋል። ፕሮግራሙ ሲጀመር የእንግዳውን ፊት ያሳያል። በአሥረኛው ደቂቃ ከረባቱን። መጨረሻ ላይ ጫማውን።

ከእኛ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ዴል ሲቲ የሚባል ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 እዚያ የሰፈሩ ሰዎች በኬብል የራሳቸውን ጣቢያ ከፍተው ነበር፤ በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ ይቆጠራል። ያለ ማስታወቂያ ሁለት ዓመት ያህል ሠርተው ገንዘብ አጥሯቸው ተዘጋ ይባላል። እኔ ግን ይህን ባሰብኩ ቁጥር ጥርጣሬዬ ሌላ ነው። ካሜራ ሦስት የሚይዝ አጥተው ይሆናል።

ማስታወቂያ ለእኛም ክልክል ነው። «ይህን ፕሮግራም እገሌ ደግፎታል» ማለት ይቻላል። ዋጋ መጥራትና «ኑ ግዙ» ማለት አይቻልም። ደጋፊያችን ምግብ ቤት አላቸው፤ ድጋፋቸውም በክትፎ ነው። አቅራቢያችን ሕጉን ሳይጥስ ውለታ የሚመልስበትን ዘዴ አገኘ። ካሜራው እየቀረጸው አንድ ጉርሻ ይጎርሳል። ዓይኑን ይጨፍናል። ለረጅም ጊዜ ምንም አይናገርም። የጣቢያው ኃላፊ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ መልሳ መላልሳ አየችው። የሚከሰስበት ቃል የለም።

ትልቁን ጣጣ ያመጣው አረንጓዴው መጋረጃ ነው። መጋረጃው በኮምፒውተር ይጠፋና በቦታው የፈለግነው ሥዕል ይገባል። እኛ ቤተ ጊዮርጊስን አስገባን። እንግዳው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው መጡ። ኮምፒውተሩ ምን ያውቃል? አረንጓዴ ሲያይ አጠፋው። ቢጫውና ቀዩ ቀረ፤ በአረንጓዴው ቦታ በሰውዬው አንገት ውስጥ የላሊበላ አለት ይታያል። ስልኩ ተጥለቀለቀ። «አረንጓዴውን ማን አነሳው? ከጀርባችሁ ማን አለ?» ከጀርባችን መጋረጃ ነው ብለን ብንምል ብንገዘት ማን ይመነን። በማግስቱ ሦስት ሰው ደውሎ የየትኛው ድርጅት ባንዲራ እንደሆነ ሊያስረዳኝ ሞከረ።

አንዴ ደግሞ በስክሪኑ ለሚነበበው የማስታወቂያ ሰሌዳችን የኀዘን መልእክት ደረሰን። ጽሑፉን የምታወጣው ልጅ ከፍታ ስታነበው ፊቷ ተለወጠ። አባቱ አገር ቤት ያረፉት ሰው፣ ያኔ አጠገቧ ተቀምጦ ድምፅ የሚቆጣጠረው ጓደኛችን ነው። መርዶው ገና አልተነገረውም። ሽማግሌዎች እሁድ ንጋት ሊሄዱበት ተቀጣጥረዋል። ልጅቷ ስም ሳትጠራ፣ ሳትጮህ፣ እግሯን ዘርግታ ሽቦውን ነቀለችው። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ስክሪኑ ጨለመ። እሱ ተናደደ። «እንዲህ እየተዝረከረካችሁ ነው ቴሌቪዥን የምትሠሩት?» ብሎ ሁላችንንም ገሠጸን። አንገታችንን ደፍተን ሰማን። እሁድ ጎሕ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሜ በሩን ሲከፍት አየኝ። ሁሉንም ትቶ እኔን ብቻ አየና «ሽቦው ለዚህ ነበር?» አለኝ።

ወደ እንግዳችን ልመለስ። ሥልጠናቸውን ጨረሱ። ሰዓት ተሰጣቸው። የትኛው ሰዓት? ልክ የእኛ ሲያልቅ። ሐሳባቸው ደግሞ ከእኛ አቅራቢ ሐሳብ ጋር አይጥና ድመት ነው። እኛ «የአንድነት ጉዳይ» ብለን 58 ደቂቃ እንሠራለን፣ አሥራ አንዱ ሰላምታ ነው። ከዚያ እሳቸው ይገቡና «ቀደም ሲል የሰማችሁት ሁሉ ውሸት ነው» ብለው ይጀምራሉ። ካሜራ የሚይዝላቸው ሰው ግን የላቸውም። የምንይዝላቸው እኛው ነን። እኔ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ካሜራ፣ ሁለቱንም ወገን አገለግላለሁ። ሁለት ጊዜ ከሃዲ ተብያለሁ፣ በሁለቱም ጊዜ ትኩረቱን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።

የሚገርመው ኮሪደሩ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ ይገናኛሉ። «እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብ ደህና?» ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ። አንድ ማታ የእኛ አቅራቢ የራሱን ከረባት ፈትቶ አበደራቸው። እሳቸውም እሱን በሰደቡበት ሰዓት ሁሉ አስረውት ቆይተው በምስጋና መለሱለት።

ተመልካች አለን ወይ ለምትሉ፣ አለን። እማማ አሉ። ሁለቱንም ፕሮግራም አይተው በቀጥታ ስርጭት ይደውላሉ።

«እማማ፣ ቴሌቪዥኑን ቀነስ ያድርጉልን፣ ድምፁ ያስተጋባል።»

«ከቀነስኩትማ እናንተን በምን ልስማችሁ?»

የአንድነቱንም የመለያየቱንም ጉዳይ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። አስተያየታቸው ሁሌም አንድ ነው። «ያ ሦስተኛው ካሜራ ዛሬም ጫማ ነው የሚያሳየኝ። ጫማ ማየት ብፈልግ ገበያ እሄድ የለም እንዴ?»

ባለፈው ማክሰኞ የስቱዲዮው በር ተከፈተና እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። በአውቶቡስ ነው የመጡት። ልጃቸው ኬብሉን አስቆርጦታል። «በስልክ ነው አሁን የሚታየው ይለኛል። ሰው ስልክ ያወራል እንጂ ያያል እንዴ?» እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ሰፈሩ በሙሉ ኬብሉን እያስቆረጠ ነው፣ ያ 5 በመቶም አብሮ እየመነመነ ነው። አቅራቢያችን ራሱ ካስቆረጠ ሁለት ዓመቱ። እሱን ለእማማ አልነገርናቸውም።

እማማ ወንበር ሰጥተናቸው አልተቀመጡም። ቀጥ ብለው ሄደው ካሜራ ሦስት ፊት ቆሙ። አንገቱን እንደ ሕፃን ደግፈው ቀና አደረጉት። ሻሻቸው ላይ የጆሮ ማዳመጫ አይገባም ብለው እምቢ ስላሉ ዳይሬክተሩ በመስታወቱ በኩል በእጁ ነው ያናገራቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። በጣቢያው ታሪክ ካሜራ ሦስት የሰው ፊት ይዞ ሲጨርስ የመጀመሪያው ነው።

መጨረሻ ላይ አቅራቢያችን እንደ ልማዱ «አሁን የተመልካቾቻችንን አስተያየት እንቀበላለን» አለና ስልኩን አየ።

ስልኩ ዝም አለ። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። አቅራቢው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ውሃ ጠጣ፣ ቁጥሩን ደግሞ ተናገረ። ምንም የለም። ቀስ በቀስ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ካሜራ ሦስት አዞርን።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ እማማ። «ሥራ ላይ ነኝ።»