ሽቦ ከመታሰሩ በፊት የጥርሱ ቅርፅ ይታይ

ስለ ጥርስ ማስተካከያ ሽቦ የወጣው ጽሁፍ ጥሩ ነው ግን ሽቦ የታሰረ ጥርስ ሁሉ የላይና የታቹ ይገጥማል የሚል ነገር አለው እሱ ላይ አልስማማም። እኛ ደብረ ብርሃን ነን፣ የልጄ ከላይ ከመሀለኞቹ ሁለት ጥርሶች ቀጥላ ያለችው አንዷ ጥርስ ቀጭንና ጫፏ ሾል ያለ ነች፣ አጠገቧም ክፍተት ነበር፣ እናቴ ፍንጭት ውበት ነው አትዝጉባት ብትልም ሽቦ አሳሰርንላትና 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ እየተመላለስን ክፍተቱ ተዘጋ ሲባል የላይና የታች ክራንቻዎቿ አልገጥም አሉ፣ ድፎ ዳቦ ስትገምጥ እንኳን አንዱ ጎን ሳይቆረጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

በኋላ ሌላ ሀኪም እያንዳንዷን ጥርስ በካሊፐር (ስፋት መለኪያ መሳሪያ) ለክታ አስረዳችን። የታች ስድስቱ የፊት ጥርሶች ስፋት ተደምሮ ለላይ ስድስቱ ሲካፈል 77.2 ፐርሰንት አካባቢ ሲሆን ነው ንክሻው፣ ማለትም የላይና የታቹ ጥርስ ሲነከስ፣ ደህና የሚገጥመው፣ ቦልተን የሚባል አሜሪካዊ ሀኪም በ1958 እ.ኤ.አ ያወጣው ስሌት ነው። ከላይ አንዷ ስታንስ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ያኔ ወይ ክፍተት ይቀራል ወይ ንክሻው ይዛባል፣ ሽቦ ደግሞ ጥርስ ያንቀሳቅሳል እንጂ አያሰፋም። ስለዚህ ቦታው እንደገና ተከፍቶ ቀጭኗ ጥርስ በኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ) ሰፋች።

ስፋት ብቻም አይደለም እኮ! የላይ የፊት ጥርሳችሁን ከኋላ በምላስ ዳስሱት፣ አንዳንድ ሰው ጠርዙ ወፍሮ መሀሉ እንደ አካፋ ጎድጎድ ያለ ነው፣ የታቹ እዛ ወፍራም ላይ ሲያርፍ የላዩ ወደ ፊት እንደወጣ ይቀራል። ወላጆች እባካችሁ ሽቦው ሳይታሰር ጥርሱ ይለካ በሉ፣ እኛ ሳንጠይቅ ሁለት አመት ሄደብን።