ፖም ላይ ያለው ሰም ሁሉ ከነዳጅ አይመጣም
ፖሙን በቢላ ሲፍቀው ነጭ ሰም ስላገኘ «ፓራፊን ቀብተው ነው የሚሸጡልን» ብሎ ለጻፈው ወንድማችን (ፓራፊን ከነዳጅ የሚገኝ ሰም ነው)፦ ፍቀቱ ይህን አያረጋግጥም። ፖም ገና ዛፉ ላይ እያለ የራሱን ሰም ያመርታል። በዚያ ሰም ውስጥ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ኖናኮሴን የሚባል ውህድ ነው፤ በአንዱ ሞለኪውል 29 የካርቦን፣ 60 የሃይድሮጅን አቶም አለ፣ ሌላ ምንም የለበትም። አዎ፣ እንደ ፓራፊን ሃይድሮካርቦን (የካርቦንና የሃይድሮጅን ብቻ ውህድ) ነው። ሃይድሮካርቦን ሁሉ ግን ከነዳጅ ጉድጓድ አይወጣም።

ተክሉ 30 ካርቦን ያለው ፋቲ አሲድ (የስብ አሲድ) ይሠራና አንዱን ካርቦን ይቀንስለታል። በተክል ሰም ውስጥ 27፣ 29፣ 31 እያሉ ኢተጋማሽ የካርቦን ቁጥሮች የሚበዙት ለዚህ ነው። ፓራፊን ላይ ኢተጋማሹም ተጋማሹም ተደባልቆ ይገኛል። (እኔ የምወደው ልዩነት ይህ ነው፤ ችግሩ በቢላ አይለይም፣ ቤተ ሙከራ ይፈልጋል።) ጥቅል ጎመን ላይ ውሃ እንደ ዶቃ የሚንከባለለውም ኖናኮሴን በበዛበት ሰም ምክንያት ነው።

ከታጠበ በኋላ ተጨማሪ ሰም የሚቀባ ፖም መኖሩን አልክድም። ለዚህ ከሚውሉት መካከል ከካርናውባ ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ሰምና ሼላክ የሚባለው የነፍሳት ሙጫ ይገኙበታል።