"ትልቅ ሰው በግራ መጻፍ አይለምድም" የሚባለው ልክ አይደለም

ወንድሜ ቀኝ እጁ የተጎዳ ሰው ከ30 ዓመት ካለፈው አእምሮው ስለደረቀ በግራ መጻፍ አይለምድም ያልከው ስህተት ነው፣ ብዙ ሰው እንዲህ ሲባል ሰምቶ ሳይሞክር ስለሚቀር ነው የምጽፍልህ። በእድሜ መልመድ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። የሃንጋሪውን ተኳሽ ካሮይ ታካችን ተመልከት፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ወታደር እያለ የእጅ ቦምብ ፈንድቶ ቀኝ እጁን ክፉኛ ጎዳበት፣ ለብቻው በግራ ተለማምዶ በ1948 ለንደን ላይ በ38 ዓመቱ በሽጉጥ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ፣ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደገመው።

መጻፉን በተመለከተ ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው አብዛኛውን ጊዜ አያያዙ ነው። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ግራ እጅ አሁን የተጻፈውን እየተከተለ ያበላሸዋል፣ ስለዚህ የወረቀቱን ራስ ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብሎ እጅን ከመስመሩ በታች ማድረግ ነው፣ መጀመሪያ በእርሳስ ፊደሉን ተለቅ አድርጎ መጻፍ፣ እርሳሱንም ጨምድዶ አለመያዝ፣ ከጨመደዱት ክንድ ቶሎ ይደክማል። መጀመሪያ የሚመጣው የሚነበብ ጽሑፍ ነው፣ ፍጥነቱ በጣም ቆይቶ ነው የሚመጣው።

ደግሞ እባካችሁ እጁ ታሞ በግራው የሚበላን ሰው ነውር ነው አትበሉት፣ በዚህ ምክንያት ሰው ፊት መብላት የሚያፍሩ አሉ።

በስትሮክ ከሆነ ግን ይለያል፣ የደከመውን እጅ ጨርሶ ከተዉት አእምሮ እሱን አለመጠቀምን ይለምዳል፣ ስለዚህ ሁሉን ነገር ወደ ደህናው እጅ ከማዞር በፊት ፊዚዮቴራፒስት (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ይጠየቅ።